ሰንጢን በማጠፊያው መመዘን

የማይታጠፍ ቢላዋ ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ መሀል ላይ የሚላላ መጋጠሚያ የለውም። ሰንጢ ግን ኪስ ውስጥ ለመግባት ሲል ከወገቡ ይታጠፋል፤ የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ደግሞ ድካሙ ማጠፊያው ላይ ነው። ብርቱካን የሚልጥ ሽማግሌም ሆነ ሽቦ የሚገፍ ኤሌክትሪሺያን፣ ጆንያ የሚፈታ ነጋዴም ሆነ ካርቶን የሚከፍት የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሰንጢውን በከፈተ ቁጥር ጣቶቹን ለአንዲት ትንሽ ምስማር አደራ ይሰጣል። ያቺ ምስማርና በዙሪያዋ ያለው አሠራር ስለቱን በቦታው ካላቆሙት፣ እንጨት ሊቆርጥ የወጣው ብረት ዞሮ ጣት ላይ ይዘጋል።

ችግሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በኦስትሪያ፣ ሃልሽታት በተባለው ቦታ ከተገኙት የብረት ዘመን ቅርሶች መካከል የአጥንት እጀታ ያለው ታጣፊ ቢላዋ አለ፤ ዕድሜው 2,500 ዓመት ገደማ ይሆናል። በጥንቱ አሠራር ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው የምስማሩ ጥብቀት ብቻ ነበር። ምስማሩ ሲላላ ሰንጢውም ይላላል። ከዚያ ወዲህ ያለው የሰንጢ ታሪክ በአመዛኙ ያንን ጥብቀት በተሻለ ነገር የመተካት ታሪክ ነው።

ዛሬ ሰንጢ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ግን ከሻጩ በቅድሚያ የሚሰማው ስለ ብረቱ ስም፣ ስለ እጀታው መልክና ስለ መሣሪያው ብዛት ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ ማጠፊያው፣ ቀጥሎ የስለቱ ውፍረት፣ የብረቱ ስም በመጨረሻ። አንድ ሰንጢ ምን ሥራ እንደሚችል፣ የትኛውን ሥራ እንደማይችልና የት ይዞ መሄድ እንደሚቻል ከሁሉ በላይ የሚወስነው ማጠፊያው ነውና። ይህን ለማየት በዓለም ላይ በሰፊው የታወቁ አራት አሠራሮችን በየተራ እንፈትሽ። በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሞላ ብቻ የሚቆም

በ1884 ካርል ኤልዝነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ በስዊዘርላንድ፣ በሽቪትስ ግዛት፣ ኢባህ በምትባል መንደር ወርክሾፕ ከፈተ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የስዊዘርላንድ ጦር አዲስ ጠመንጃ ታጠቀ፤ ጠመንጃውን ለመፍታትና ለመግጠም ደግሞ ካቻቪቴ ያስፈልግ ነበር። ወታደሩ የታሸገ ምግቡን የሚከፍትበት ነገርም ይሻል። ስለዚህ ጦሩ ስለት፣ ካቻቪቴ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ወስፌ በአንድ እጀታ የያዘ ሰንጢ እንዲሠራለት አዘዘ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ የሄደው ቢላዋ በብዛት ወደሚመረትባት የጀርመን ከተማ ወደ ዞሊንገን ነበር። ኤልዝነር የአገሩን ቢላዋ ሠሪዎች አስተባብሮ በ1891 ለጦሩ ማስረከብ ጀመረ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ በሚል ስም የምናውቀው ድርጅት መነሻው ይኸው ነው።

የኤልዝነር ትልቁ ሥራ ግን የመጣው በ1897 ነው። ለመኮንኖች ባዘጋጀው ሰንጢ ላይ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መክፈቻ ሲጨምር እጀታው አልወፈረም። ሁለት ሞላዎች ብቻ ስድስቱን መሣሪያዎች እንዲይዙ አድርጎ፣ የእጀታውን ሁለቱንም ጎኖች ሥራ ላይ አዋለ። ዛሬም ቀዩን ሰንጢ አገላብጠው ቢያዩት ስለቶቹ በአንድ ወገን፣ የቡሽ መክፈቻውና ወስፌው በሌላው ወገን ተቀምጠው ያገኟቸዋል።

ሞላው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ስለቱን በጥፍርዎ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። በእጀታው ውስጥ፣ በስለቱ ጀርባ በኩል፣ ቀጭን የብረት ዘንግ ተዘርግቷል፤ ሞላው እሱ ነው። ምስማሩ ያለፈበት የስለቱ ግርጌ ድቡልቡል አይደለም፣ ማዕዘን አለው። ስለቱ መዞር ሲጀምር ማዕዘኑ ሞላውን ይገፋዋል፤ በዚህ ጊዜ እጅዎ ላይ ተቃውሞ ይሰማዎታል። ማዕዘኑ አልፎ ጠፍጣፋው ጎን ሲደርስ ሞላው ወደ ቦታው ይመለስና ስለቱን «ቀጭ» አድርጎ ያቆመዋል። ሲዘጉትም እንዲሁ ነው፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ ሞላው ራሱ ስለቱን ወደ እጀታው ይስበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሞላው ስለቱን ይገፋዋል እንጂ አይቆልፈውም። ወደ ታች እየተጫኑ ሲቆርጡ ኃይሉ ስለቱን ወደ መከፈት አቅጣጫ ስለሚገፋው ምንም ስጋት የለም። አደጋው የሚመጣው በጫፉ ሲወጉ፣ ወይም እንጨት ውስጥ የተቀረቀረን ስለት ወዲያና ወዲህ እየነቀነቁ ሲያወጡ፣ ወይም ጀርባውን ሲጫኑት ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ወደ መዘጋት አቅጣጫ ይዞርና ሞላው ይሸነፋል። ስለዚህ ባለ ሞላው ሰንጢ ለፍራፍሬ፣ ለፖስታ፣ ለሲባጎ፣ ለፕላስተርና ለእርሳስ የተሠራ ነው። ከከተማ ሰው የዕለት ሥራ አብዛኛው ደግሞ ከዚህ አያልፍም። 58 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ትንሹ ሞዴል ከቁልፍ ጋር ይንጠለጠላል፣ ክብደቱም 20 ግራም አካባቢ ነው። 91 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ካቻቪቴና ቆርቆሮ መክፈቻም ስላለው፣ ሥራው መቁረጥ ብቻ ላልሆነ ሰው ይመረጣል።

በቀለበት የሚቆለፍ

ከስዊዘርላንድ ድንበር ብዙም በማይርቀው የፈረንሳይ ተራራማ ግዛት በሳቮዋ፣ ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ወጣት በ1890 የራሱን ሰንጢ ሠራ። ቤተሰቡ መጥረቢያና የግብርና ስለቶች ይሠራ ነበር። የሠራውም የእረኛና የገበሬ ሰንጢ ነው፤ አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ምስማር፣ አንድ የብረት አቃፊ። ሞላ የለውም። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 ድረስ በመጠን የተደረደሩ አሥራ ሁለት ሰንጢዎች አዘጋጀ፤ ገዢው እንደ እጁና እንደ ሥራው ቁጥር ይመርጥ ጀመር። ዛሬም ኦፒኔል የሚገዛው በቁጥሩ ነው፤ ከሁሉ የታወቀው ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱ 50 ግራም እንኳ አይሞላም።

ለ65 ዓመት ያህል ይህ ሰንጢ የቆመው በጥብቀት ብቻ ነበር። በ1955 ማርሴል ኦፒኔል በአቃፊው ላይ የሚዞር ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቱ በአንድ በኩል ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ከእጀታው ስንጥቅ ጋር ሲገጣጠም ስለቱ ይወጣል፣ ይገባል። ስለቱን ከፍተው ቀለበቱን በአውራ ጣት ሲያዞሩት የቀለበቱ ደፍን ጎን ስለቱ ሊመለስ የሚችልበትን መንገድ ይዘጋዋል። ከአራቱ አሠራሮች ውስጥ ለመረዳት የሚቀለው ይህ ነው። የሚሰበር ሞላ የለም፣ የሚሟልጭ ጥርስ የለም፤ መቆለፉንም በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ቁልፉ የተሠራው ከቁጥር 6 ጀምሮ ባሉት ላይ ነው፤ ከዚያ የሚያንሱት ያለ ቀለበት ናቸው። በ2000 አካባቢ ቀለበቱ ሲታጠፍም እንዲቆልፍ ተሻሻለ፤ ኪስ ውስጥ በድንገት እንዳይከፈት ማለት ነው።

ጉድለትም አለው። ቀለበቱ ራሱ አይዞርም፤ የረሳ ሰው የያዘው ያልተቆለፈ ሰንጢ ነው። ለመክፈትም ለመቆለፍም ሁለት እጅ ይጠይቃል። እጀታው በአብዛኛው ዛን የተባለው የአውሮፓ እንጨት ስለሆነ፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ስንጥቁ ውስጥ ያንቀዋል። የሳቮዋ ሰዎች መላ አላቸው፤ እጀታውን ይዘው የኋላ ጫፉን ጠንካራ ነገር ላይ ያንኳኩታል፣ ስለቱም ጥፍር ሊይዘው በሚችል መጠን ብቅ ይላል። ሰንጢው በደንብ ሲደርቅ እጀታው ወደ መጠኑ ይመለሳል። ምግብ ለሚቆርጥበት፣ እንጨት ለሚቀርጽበት፣ ቀለበቷን ማዞር ለማይረሳ ሰው በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚሠራ ሰንጢ ማግኘት ይከብዳል።

በጀርባው የሚቆለፍ

የአሜሪካው በክ ኩባንያ በ1964 ሞዴል 110 የተባለውን ሰንጢ ለገበያ ያቀረበው ለአዳኞች ነው። አዳኝ የገደለውን ሲገፍ ስለቱን ወደፊትም ወደ ኋላም፣ በጫፉም በሆዱም ይሠራበታል። እጁ በደምና በስብ ያዳልጠዋል። በሞላ ብቻ የሚቆም ሰንጢ ለዚህ አይሆንም፤ የማይታጠፍ ቢላዋ ደግሞ ቀበቶ ላይ ይረዝማል። በክ የመረጠው መፍትሔ በጀርባ የሚቆልፈው አሠራር ነው። አሠራሩ በአውሮፓ ቀድሞ የታወቀ ቢሆንም ጠንካራ አድርጎ በብዛት ለሕዝብ ያዳረሰው ይህ ሰንጢ ነው፤ ብዙ ኩባንያዎችም ቀዱት።

እዚህም በጀርባ በኩል የብረት ዘንግ አለ፤ ልዩነቱ ዘንጉ መሀሉ ላይ በምስማር ተይዞ ፊቱና ኋላው ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ከዘንጉ ጫፍ የወጣ ጥርስ በስለቱ ግርጌ ወደተቆፈረው ጎድጓዳ ይገባል። ጥርሱ ከገባ በኋላ ስለቱ በየትኛውም ወገን ቢገፉት አይንቀሳቀስም። ለመዝጋት የእጀታውን ጀርባ ሲጫኑ ጥርሱ ከጎድጓዳው ይወጣል። ቁልፉ ራሱ ስለሚገባ መርሳት የሚባል ነገር የለም። መጥፎ ጎኑ ጎድጓዳው በኪስ ብናኝና በደረቀ ቆሻሻ መሞላቱ ነው፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ የተቆለፈ ይመስላል። በእንጨት ስንጥር መጥረግ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይበቃዋል።

በክ 110 ከነሐስ ጫፎቹና ከእንጨት እጀታው ጋር 200 ግራም ይደርሳል። ለዚህ ነው ከአፎት ጋር የሚሸጠውና ቀበቶ ላይ የሚታሰረው። የተሠራለትን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ የቀጭን ሱሪ ኪስን ግን ይጎትታል። በየቀኑ ሊይዙት ያሰቡ ብዙዎች ውሎ አድሮ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል።

በአንድ እጅ የሚከፈት

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከሞላ ጎደል ማንኛውንም ሰንጢ ለመክፈት ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር። ሳል ግሌሰር የመሠረተውና በኮሎራዶ ግዛት፣ በጎልደን ከተማ ያለው ስፓይደርኮ በ1981 ሁለት ነገሮችን በአንድ ሰንጢ ላይ አመጣ። አንደኛው በስለቱ ላይ የተበሳ ክብ ቀዳዳ ነው፤ አውራ ጣት ገብቶበት ስለቱን ይገፋል። ሁለተኛው ሰንጢውን በኪስ አፍ ላይ የሚያንጠለጥል መቆንጠጫ ነው። ገመድ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚቆርጥ መርከበኛ፣ መሰላል ላይ ቆሞ አንድ እጁ ብቻ ነፃ የሆነ ሠራተኛ ምን ያህል እንደተጠቀመ መገመት አይከብድም። ዛሬ በአሜሪካ ከሚሸጡት የኪስ ሰንጢዎች ብዙዎቹ ይህን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

በዚያው ዘመን ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ቢላዋ ሠሪ በእጀታው ውስጥ ያለው ላሜራ ራሱ እንዲቆልፍ የሚያደርገውን አሠራር አሻሽሎ አስፋፋው። ከላሜራው ተቆርጦ ወደ ውስጥ የተጎበጠው ክፍል፣ ስለቱ ሲከፈት ወደ ጎን ተንሸራቶ ከስለቱ ግርጌ ኋላ ይቆማል። ለመዝጋት ላሜራውን በአውራ ጣት ወደ ጎን ይገፉታል። ፈጣን ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ይዘጋልም። ሆኖም ሲዘጋ አውራ ጣት ለቅጽበት የስለቱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጀማሪ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ደግሞም በርካሽ የተሠሩት ላይ ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ከስለቱ ግርጌ ጋር የሚነካካው በጠባብ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሲገፉት ይንሸራተታል። በዚህ አሠራር ጥሩ የሆነው ጥሩ፣ መጥፎ የሆነው አደገኛ ነው፤ መሀል የለውም።

ቅጥነት ከስም ይበልጣል

ከማጠፊያው ቀጥሎ የሚመጣው የስለቱ ውፍረት ነው። የኦፒኔል ቁጥር 8 ስለት ጀርባው ላይ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከጀርባው እስከ አፉም ሳያቋርጥ እየሳሳ ይወርዳል። የበክ 110 ስለት 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱንም እኩል ስለው ካሮት ቢቆርጡባቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ቀጭኑ አልፎ ይሄዳል፤ ወፍራሙ አፉ ገና ግማሽ ሳይደርስ ትከሻው እንደ ሽብልቅ ካሮቱን ይሰነጥቀዋል። ወፍራም ስለት የተሠራው ለጠንካራ ሥራ ነው፤ ከተማ ውስጥ ብርቱካንና ካርቶን ለሚቆርጥ ሰው ግን ውፍረቱ ሸክም ብቻ ይሆንበታል።

ብረቱን በተመለከተ ምርጫው በመሠረቱ ሁለት ነው። የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ይጠቁራል፣ እርጥብ ከተቀመጠ ይዝጋል። ከቆረጡ በኋላ በጨርቅ የሚጠርጉ ከሆነ ጥቁረቱ ጉዳት የለውም። የማይዝገው ብረት በአብዛኛው 13 በመቶ አካባቢ ክሮሚየም አለው፤ እርጥበትን ይችላል። ከዚህ በላይ ያለው የውድ ብረቶች ጉዳይ የጥንካሬ ነው። የብረት ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ይለካል። ቪክቶሪኖክስ ስለቱን 56 አካባቢ ያደርገዋል፤ ዘመናዊ ውድ ሰንጢዎች 60 እና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ጠንካራው ብረት ሳይደንዝ ይቆያል፤ ሲደነዝ ግን በተራ ድንጋይ በቀላሉ አይነሳም፣ ጫፉም ሊሸረፍ ይችላል። ለስላሳው ቶሎ ይደነዝዛል፤ በጥቂት ደቂቃ ግን ይመለሳል። በቤቱ ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ለሌለው ሰው ውድ ብረት መግዛት፣ ከወራት በኋላ ደነዝ ውድ ሰንጢ መያዝ ነው።

ሕጉም የሚያየው ማጠፊያውን ነው

ከአገር ውጭ ለሚኖር አንባቢ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ሊያስፈልገው ይችላል። በእንግሊዝ የ1988ቱ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ እንዲያዝ የሚፈቅደው አፉ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢን ነው። ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ሲከፈት የሚቆለፍ ሰንጢ በዚህ ፈቃድ ውስጥ እንደማይገባ ወስነዋል። ስለዚህ ኦፒኔል ቁጥር 6 ስለቱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ ቀለበቱ ስላለው ብቻ ለንደን ውስጥ በኪስ ይዞ መዞር ያስጠይቃል፤ ቀለበት የሌለው ቁጥር 5 ግን ገደቡን አያልፍም። ጀርመን በ2008 ያወጣችው ደንብ ሌላ ነው። እዚያ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መሄድ የተከለከለው በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈው ነው። ስለዚህ የኦፒኔል ቀለበት በለንደን ያስጠይቃል፣ በፍራንክፈርት ግን በሁለት እጅ ስለሚከፈት በዚህ ክልከላ ውስጥ አይወድቅም፤ ባለ ክብ ቀዳዳው ስፓይደርኮ ደግሞ በሁለቱም ያስጠይቃል። ጀርመን በ2024 በሕዝብ በዓላትና በመሳሰሉት ዝግጅቶች ላይ ቁጥጥሩን ይበልጥ ስላጠበቀች፣ ሕዝብ ወደተሰበሰበበት ሲሄዱ ሰንጢን ቤት መተው ይሻላል።

አውሮፕላን ላይ ምክሩ አጭር ነው፤ ሰንጢን ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ እንጂ ኪስ ውስጥ አለመያዝ ይሻላል። በ2013 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለታቸው 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስና የማይቆለፉ ትናንሽ ሰንጢዎችን ወደ መንገደኛ ክፍል ለማስገባት አስቦ ነበር፤ የበረራ አስተናጋጆች አጥብቀው ስለተቃወሙ ሐሳቡን ተወው። እዚህም ቢሆን የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ለመለየት መሥሪያ ቤቱ ከርዝመቱ ጋር ያየው ይቆለፍ እንደሆነና እንዳልሆነ ነበር።

እንዴት ይመረጥ?

ሱቅ ውስጥ ሆነው ሰንጢውን ከመክፈትዎ በፊት ዝግ እንዳለ በብርሃን ይመልከቱት፤ ስለቱ በእጀታው መሀል ካልተቀመጠ ምስማሩ ጠማማ ሊሆን ይችላል። ከከፈቱት በኋላ ስለቱን በጀርባው ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅንቁት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይመልሱት። የሚቆለፍ ከሆነ ጣቶችዎን ከስለቱ መንገድ አውጥተው የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ በቀስታ ይጫኑት፤ በቀስታ ግፊት የሚለቅ ቁልፍ ከናካቴው ቁልፍ ከሌለው ይብሳል፤ ያታልላልና። የታዋቂ ምርቶች አስመሳዮች በየገበያው ሞልተዋል፤ መልካቸው አንድ ቢሆንም በእነዚህ ሦስት ፈተናዎች ብዙዎቹ ይጋለጣሉ።

ከዚያ ሥራዎን ያስቡ። ፖስታ፣ ፍራፍሬና ሲባጎ ከሆነ ባለ ሞላው ትንሽ የስዊስ ሰንጢ ይበቃል፤ በብዙ አገርም ከሕግ ጋር አያጋጭም። ምግብ የሚያዘጋጁበት፣ እንጨት የሚቀርጹበት፣ ገጠር የሚወጡበት ከሆነ ባለ ቀለበቱን ይያዙ፤ የቀለበቱን መዞር ልማድ ያድርጉት። ሥራዎ በአንድ እጅ መክፈትን ግድ የሚል ከሆነ ብቻ ወደ ስፓይደርኮ ዓይነት ይሂዱ፣ ያን ጊዜም በርካሹ አይደራደሩ። ቀኑን ሙሉ ከእንስሳት ሥጋና ቆዳ ጋር የሚውል ሰው በጀርባው የሚቆለፈው ከባዱ ሰንጢ ይገባዋል።

የመረጡት የትኛውንም ቢሆን ከእሱ ጋር የመሳያ ድንጋይ ይግዙ፤ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድለው መሳልን ይልመዱ። ደነዝ ስለት ኃይል ያስጨምራል፣ ኃይል የተጨመረበት ስለት ያመልጣል፣ ያመለጠውም ማጠፊያውን ይፈትናል። ስል ሰንጢ በትንሽ ግፊት ስለሚቆርጥ ከመጀመሪያው ማጠፊያውን አያስጨንቀውም። ጠንካራ ቁልፍ ለሚሳሳት እጅ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ጥበቃ ግን ስለቱን ስል አድርጎ መያዝና ከራስ በተቃራኒ አቅጣጫ መቁረጥ ነው።